«እነሱ ሙዚቃ ይፈቀድላቸዋል እንዴ?»

ሥራዬን ለሐበሻ ስናገር የሚከተለው ጥያቄ ሁሌ ይኸው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሙዚቃ አስተምራለሁ። ልጆቹ የቀኑን ግማሽ ዕብራይስጥና ኦሪት ይማራሉ፣ ግማሹን ሒሳብና ሳይንስ። ሙዚቃ መሃል ላይ ተሸጉጣ ነው ያለችው። ስለዚህ ክፍል የምሰማቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ የኛ ሰው ነው፣ አንዳንዱ የራሳቸው የወላጆቹ።

«ሙዚቃ ክልክል ነው»

አይደለም። ሰውን ግራ የሚያጋባው ሰንበት ነው። ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁዶች (ከኛ ኦርቶዶክስ ጋር ስም ብቻ ነው የሚያገናኛቸው) በሰንበት መሣሪያ አይነኩም። የጥንት ሊቃውንቶቻቸው የሰጡት ምክንያት ደስ ይለኛል፦ ክሩ ቢበጠስ ሰውየው ሳያስበው ሊጠግነው ይችላል፣ መጠገን ደግሞ ሥራ ነው። በአፍ ግን እስኪበቃቸው ይዘምራሉ። ሪፎርም የሚባሉት፣ ለዘብ ያሉት፣ ጋ ከሄድክ በሰንበትም ጊታር ትሰማለህ።

መጠንቀቅ ያለብህ ካሌንደሩን ነው። ከፋሲካቸው ሁለተኛ ቀን ጀምረው 49 ቀን ይቆጥራሉ፣ ብዙዎቹም ከዚያ ውስጥ በርከት ላሉት ቀናት ሙዚቃ አይሰሙም። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ የጸደዩን ኮንሰርት እዚያው መሃል ላይ ቆርጬው አረፍኩ። ወረቀቱ ለወላጅ ከተበተነ በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ሞዛርት አስደምጣቸው፣ ሒሳብ ይገባቸዋል»

ይቺ የወላጆች ናት። መነሻዋ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነው። የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ ሕፃናት አይደሉም። የታየው ለውጥም ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ችሎታ ላይ ነበር፣ እሱም ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ልጁ ሙዚቃ የሚማረው ሙዚቃ እንዲችል ነው፤ ለሒሳብ የሒሳብ አስተማሪ አለው።

«የአይሁድ ሙዚቃ ማለት ያ የሠርግ ክላርኔት ነው»

እሱ ክሌዝመር ይባላል፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሠርግ ሙዚቃ ነው። የሞሮኮውና የየመኑ አይሁድ ዜማ ሌላ ነው። ቤተ እስራኤልማ በግእዝ ነበር የሚጸልዩት፣ በነጋሪትና በቃጭል። ሲግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል ሲደርስ ይህን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። አንዷ ተማሪ «ታዲያ ጸሎታቸው ላንተ ይገባሃል?» አለችኝ። ግእዜ ከቅዳሴ አያልፍም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ።

«የኦሪት ንባብ የሃይማኖት ክፍል ነው፣ ሙዚቃ ክፍል ምን አገባው?»

እዚህ ላይ የኛ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊገባው ይገባ ነበር። ኦሪት በምኩራብ በዜማ ነው የሚነበበው። በዕብራይስጡ ፊደል ላይና ሥር ትንንሽ ምልክቶች አሉ፣ ልክ እንደኛ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክቶች፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ። አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ የዜማ ቁራጭ ነው። የት ቆም እንደሚባልም ይናገራል። ቁጥሩ ሲያልቅ የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦች ደግሞ ቁርጥ የኛን ሁለት ነጥብ ይመስላሉ፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ።

ሻልሼሌት የሚባል ምልክት አለ። ትርጉሙ ሰንሰለት ነው፣ ቃሉም ያው ዘመዱ ነው። ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ዜማ ነው፣ በአምስቱ የኦሪት መጻሕፍት ውስጥ 4 ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። አንዱ ሎጥ ከሰዶም ለመውጣት ሲያመነታ ነው፣ ሌላው ዮሴፍ የጌታውን ሚስት እምቢ ሲላት። ልጆቹን «ለምን እዚህ ላይ?» ብዬ ስጠይቃቸው ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ ያንኑ ዜማ በኪቦርድ ይፈልጉታል፣ በመጨረሻም ኖታ አድርገው መስመር ላይ ይጽፉታል። ኖታ የጠላ ልጅ እንኳ ይቺን ይወዳታል፤ በአፉ የሚያውቃትን ነገር ነዋ የሚጽፈው።

«ድምፁ ከጎረነነ ለጊዜው አይዝፈን»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ወንድ ልጅ 13 ሲሞላው ባር ሚጽቫ ይደርሳል (እንደ አዋቂ የሚቆጠርበት ነው)፣ ሰው ፊት ቆሞ ከኦሪቱ ጥቅልል ያነባል። ጥቅልሉ ላይ የዜማ ምልክት ቀርቶ አናባቢም የለም፤ ሁሉንም ከሌላ መጽሐፍ አጥንቶ በቃሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ማንቁርቱ የሚያድገውና ድምፁ የሚሰነጠቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ዝም ማለት ግን አይረዳውም። ሳይጮህ፣ በሚመቸው ጠባብ ክልል ውስጥ ማዜም አለበት። የሴቶቹም ድምፅ ይለወጣል፤ ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ግን እንደ ወንዶቹ ስለማይሰነጠቅ ማንም ልብ አይልም።

ባለፈው ዓመት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጣና «አልችልም፣ እንደ ዶሮ ነው የምጮኸው» አለኝ። ከየት እንደሚጀምር ጠየቅኩት። በ11 ዓመቱ በተቀረጸለት ድምፅ ከፍታ ላይ ነው ለካ የሚያጠናው! ይህ ዜማ እኮ ቁልፍ የለውም፤ መሣሪያ አይከተለው፣ ከፈለክበት ቦታ ትነሳለህ። ኪቦርዱ ላይ ዝቅ እያልን፣ እያልን፣ አንድ ቦታ ላይ ትከሻው ወረደ። ከዚያ እንዲነሳ ነገርኩት።

ቀኑ ደርሶ ተጋብዤ ሄድኩ። ከታች ተነሳ። መሃል ላይ አንዴ ተሰነጠቀበት፣ ቀጠለ። ሲጨርስ እንደ ልማዳቸው ከረሜላ ወረወሩበት፣ አንዷ ግንባሩን አገኘችው።