የሽንት ውጤት «ደም አለ» ሲል

ሽንቱ ቢጫ ነው፣ ህመም የለም፤ የላብራቶሪው ወረቀት ግን «ደም» ይላል። አንዱ ካንሰር ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው ወረቀቱን አጣጥፎ ይረሳዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለም የሚቀይረው ስትሪፕ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሽንቱ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። የአሜሪካ ዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ማህበር መመሪያ ደም አለ የሚለው በከፍተኛ ማጉያ በአንድ እይታ 3 ወይም ከዚያ በላይ ቀይ የደም ሴል ሲገኝ ነው።

ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ ከባድ ስፖርትም ደም ያሳያሉ። ኢንፌክሽን ከሆነ ይታከም፤ ከዚያ ግን ምርመራው ይደገም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በተለይ ሴቶች «ኢንፌክሽን ነው» እየተባሉ ሲመላለሱ ጊዜ ይባክናል። ደም ማቅጠኛ መውሰድም ምርመራውን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

ቀጥሎ የሚታዘዘው እንደ ካንሰር ስጋቱ ይለያያል። ዕድሜ፣ ሲጋራ ማጨስና የሴሎቹ ብዛት ይታያሉ። ስጋቱ ዝቅ ካለ ሽንቱን እንደገና መመርመር ሊበቃ ይችላል። ከፍ ካለ ፊኛን በቀጭን ካሜራ ማየትና ሲቲ ስካን ይመጣሉ። በአዋሽ ሸለቆ አካባቢ የኖረ ሰው ስለ ቢልሃርዚያም (ከውሃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) ለሐኪሙ ይንገር፤ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል።

በዓይን የሚታይ ደም ግን ሌላ ነው። አንዴ ታይቶ ቢጠፋም ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።