የምስመው እርሱ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለደብረ ታቦር በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ ካለፈ ጥቂት ቀናት ሆነው። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። አልቻልኩም።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሙልሙል እየተካፈልን ነበር። አጠገባችን አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከመቀነታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ የጌታን ሥዕል አወጡ። መታወቂያ ታህላለች፤ በፕላስቲክ ተሸፍናለች። ጠርዟ ተልጧል። ፊቱ ጋ ያለው ፕላስቲክ ከመሳም ብዛት ደብዝዟል። ጠጉሩ ወርቃማ፣ ዐይኑ ሰማያዊ የሆነው፣ በየቤታችን የምናውቀው ሥዕል ነው። ሥዕሏን ሳሟትና ግንባራቸውን አስነኳት።

ይሄኔ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ፣ እኔም በጣም የምወደው፣ እንዲህ አላቸው፦ «እማማ፣ ይሄ እኮ ፈረንጅ ነው። ጌታ አይደለም። ፈረንጅ ነው የሚስሙት።»

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። እማማ ሥዕሏን አዩ። ልጁን አዩ። መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ከተቷትና ተነሥተው ሄዱ። የጀመሩት ሙልሙል ድንጋዩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። «ጥቁር ነበር።» «አይ፣ ጠይም ነው።» አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ሳይንቲስቶች እኮ እውነተኛ ፊቱን ሠርተውታል» አለ። ብዙም ሳይቆይ ስድብ ገባበት። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ ብለን ዘምረን በወጣንበት ቀን!

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር።

አራቱ ወንጌላውያን ስለ ጌታ መልክ አንዲት ቃል አልጻፉልንም። ዘኬዎስ አጭር እንደነበረ ነግረውናል። ዮሐንስ መጥምቅ የግመል ጠጉር ለብሶ ወገቡን በጠፍር እንደታጠቀ ነግረውናል። ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበት የጌታ እጀ ጠባብ ስፌት የሌለው ወጥ እንደነበረ እንኳ ጽፈዋል። ቁመቱን፣ የዐይኑን ቀለም፣ ጠጉሩን ግን ዝም ብለውታል። ረስተውት አይመስለኝም። ዮሐንስ ደረቱ ላይ ተጠግቶ የበላ ሰው ነው፤ ያ ፊት እንዴት ይረሳዋል?

የምናውቀው ነገር ግን አለ። ጌታ በሥጋ የአይሁድ ወገን ነው፤ ከዳዊት ዘር፣ በቤተ ልሔም ተወልዶ በገሊላ ያደገ። ሳምራዊቷ ሴት ገና ውኃ ሲጠይቃት «አንተ የይሁዳ ሰው ስትሆን» አለችው። ስሙን ሳታውቅ ወገኑን ለየችው። ስለዚህ እንደዚያ አገር ሰው ጠይም፣ ጠጉሩም ዐይኑም ጥቁር ነበር ብሎ ማሰብ ከወንጌሉ ጋር ይስማማል። ልጁ ሥዕሉ ፈረንጅ ነው ማለቱ በዚህ በኩል ስሕተት አይደለም። ነጭነትን ከቅድስና ጋር አዛምደው ሌላውን ሕዝብ የናቁ ሰዎች መኖራቸውንም አልክድም። ያ በደል ነው። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ስልክ ላይ የሚዞረው ፊት ግን የጌታ ፊት አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ኒቭ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረ የአንድ አይሁዳዊ የራስ ቅል ይዞ የሠራው ነው። የዚያ ዘመን ሰው ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየት ነው የተሠራው። ባለ ቅሉ ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጥንት ሥዕሎችንም ብትመለከቱ እንዲሁ ይለያያሉ። በሶርያ ዱራ ኤውሮጶስ የተገኘው፣ በ3ኛው መቶ ዓመት የተሣለው ጌታ ጢም የለውም፣ ጠጉሩም አጭር ነው። በግብፅ፣ በደብረ ሲና ገዳም ያለው የ6ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ግን ጢም አለው፣ ጠጉሩም ረጅም ነው። ሁለቱንም የሣሉት ፊቱን አላዩም። ሁለቱም ግን ይወዱት ነበር።

አሁን ወደማልጠግበው ጥቅስ ልምጣ። ይሁዳ ጌታን አሳልፎ ሲሰጥ ነው። «የምስመው እርሱ ነው፤ ያዙት ብሎ ምልክት ሰጥቶአቸው ነበር።»

ምልክት ለምን አስፈለገ? ፋሲካ ስለነበር ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ዮሐንስ እንደጻፈው ደግሞ ጌታን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ችቦና ፋና ይዘው ነበር። ጌታም «በመቅደስ ዕለት ዕለት እያስተማርሁ» ከእናንተ ጋር ነበርሁ ብሏቸዋል። ያ ሁሉ ብርሃን እያለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አይቶት እያለ፣ እርሱን ከዓሣ አጥማጆቹ መካከል ለይቶ የሚያሳይ ሰው አስፈለጋቸው። ሠላሳ ብር የተከፈለው ለዚህ ጭምር ነው። የሰማይና የምድር ጌታ አጠገቡ ከቆሙት ከጴጥሮስና ከያዕቆብ የማይለይ መልክ ይዞ ቆሞ ነበር። ኢሳይያስ «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም» ያለው ትዝ ይለኛል። ነቢዩ ሕማሙን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስብ ይህ ቃል ሆዴን ያባባዋል። ከእኛ አንዱን መሰለ። ተለይቶ እስከማይታወቅ ድረስ መሰለን።

አባቶቻችን የጌታ ፊት ስለበራበት ስለ ደብረ ታቦር ሲያስተምሩ ከደቀ መዛሙርቱ ሦስቱ በራሰ ደብር፣ በተራራው ጫፍ፣ ዘጠኙ በእግረ ደብር፣ ከተራራው ሥር ነበሩ ይላሉ። ዘጠኙ ከታች የቀሩት በይሁዳ ምክንያት ነው፤ ለስምንቱ ግን ባሉበት ምሥጢሩ ተገልጦላቸዋል። ይሁዳ ብቻ የበራውን ፊት ሳያይ ቀረ። ያው ይሁዳ ነው በኋላ «እርሱ ነው» ብሎ ፊቱን ያሳየው። መልኩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስንት ዓመት አብሮት በልቷል።

ልጄ፣ ይህን አስብልኝ። ይሁዳ የሳመው እውነተኛውን ፊት ነው። ቀለሙ አልተሳሳተም፣ ጠጉሩ አልተሳሳተም። እማማ የሳሙት ደግሞ ሠዓሊው ተሳስቶ የሣለውን ወረቀት ነው። የማንኛቸውን መሳም ጌታ የተቀበለ ይመስልሃል?

ሥዕልን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አላት። በየመንገዱ የሚሸጠው ሁሉ ሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም የሚጸለይበት ቅዱስ ሥዕል፣ አይደለም። ይህንን ማስተማር ይገባናል። ግን ስለ ኩርዓተ ርእሱ ሰምታችኋል? የእሾህ አክሊል የደፋው፣ ደሙ በግንባሩ የሚወርደው የጌታ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲሄዱ ይዘውት ይወጡ ነበር። መኳንንቱ በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከተዘረፈው ቅርስ አንዱ እርሱ ነው። ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ የመጣው ሰው ለራሱ አስቀረው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰልንም። ታዲያ ሊቃውንቱ እንደሚሉት ያን ሥዕል የሣለው አውሮፓዊ እጅ ነው። አበው ይህ ፊት የማን አገር ሰው ይመስላል ብለው አልተጣሉበትም። የእኛ ሠዓልያን እየተመለከቱ በራሳቸው እጅ ሣሉት፤ ዐይኑን አተለቁት፣ ከጎኑም «ዘከመ ኰርዕዎ ርእሶ ለእግዚእነ» ብለው ጻፉበት። ጌታችንን ራሱን እንደመቱት ማለት ነው። ያዩት የተመታውን ራስ ነው። ያለቀሱትም ለእርሱ ነው።

መልክአ ኢየሱስ የምትደግሙ ታውቁታላችሁ። ለጠጉሩ ሰላም ይላል፣ ለዐይኖቹ ሰላም ይላል፣ እስከ እግሩ ጥፍር ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ሰላምታ በኋላ ልመና ይከተላል። መልኩን እንዲህ ነው መመልከት፤ እየለመኑ።

መልኩን አላውቀውም ብሎ የሚያዝን ካለም ማርያም መግደላዊትን ያስባት። ያውም ፊቱን የምታውቅ ሴት ናት። በትንሣኤው ማለዳ ፊት ለፊት ቆማ አየችውና የአትክልት ጠባቂ መሰላት። እንባዋ ጋርዷት ይሁን፣ እርሱ ተሰውሯት ይሁን፣ ብቻ አላወቀችውም። እርሱ አልተቆጣትም። «ማርያም» አላት። በቃ። በስሟ ሲጠራት አወቀችው። ስምህን የሚጠራህ እርሱ ነው ወንድሜ። አንቺንም እኅቴ። በሥዕል ብትሳሳቱ እንኳ እርሱ በእናንተ አይሳሳትም።

አሁን ለዚያ ልጅ አንድ ነገር ልንገረው። እሑድ ማለዳ እማማ በሴቶች በር በኩል፣ ከግንቡ ሥር ነው የሚቀመጡት። ከቅዳሴ በኋላ ሂድና ጉልበታቸውን ሳም። ሥዕሏን ተዋት፤ ስለ እርሷ እኔ ቀስ ብዬ አወራቸዋለሁ። ሙልሙል ይዘህ ሂድ። ያን ቀን ሳይበሉ ነው የሄዱት።