ሮምበርግ ምንድን ነው?

«ሮምበርግ ፖዘቲቭ ስለሆነ የውስጥ ጆሮ ችግር ነው።» ከአዲስ አበባ ዳር ዳር በሚመጡ የሪፈር ወረቀቶች ላይ ይህ አባባል በዝቷል። ሮምበርግ ሰውን እግር አስገጥሞ፣ ዓይን አስጨፍኖ በማቆም ሚዛኑን መጠበቁን የምናይበት ምርመራ ነው፤ ዓይኑን ሲጨፍን ከወደቀ «ፖዘቲቭ» ይባላል። የጆሮ ምርመራ ግን አይደለም።

ቆሞ ሚዛን መጠበቅ ሦስት ጉልቻ አለው፦ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግር መገጣጠሚያና ጡንቻ በህብለ ሰረሰር ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜት። ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም፤ ሰው ግን ሁለቱ ደህና ከሆኑ ይቆማል። ዓይን ሲጨፈን አንዱ ጉልቻ ተነሳ ማለት ነው። ያኔ የሚወድቅ ሰው ከቀሩት አንዱ ቀድሞውኑ ተጎድቶበታል፤ ብዙውን ጊዜም የእግሩ ስሜት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ ምልክቱን የገለጸው የህብለ ሰረሰር ሕሙማን ላይ ነበር። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ስኳርና ስለ ቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ሁለቱም ሊገናኙ ይችላሉ።

«ታዲያ ጆሮው የታመመ አይወድቅም ወይ?» የሚል አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይወድቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታመመው ጎን። ከሳምንታት በኋላ ግን አንጎል ስለሚለምደው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ኔጌቲቭ ውጤትም ጆሮው ጤነኛ ነው አያሰኝም።

ጫማ ይውለቅ፣ እግር ይገጠም፣ እጅ ወደ ጎን ይውረድ። መጀመሪያ ዓይን ተከፍቶ 30 ሰከንድ። እዚህ ላይ መቆም ካቃተው ምርመራው አበቃ፤ «ፖዘቲቭ» ተብሎ አይጻፍም፣ ሴሬቤለም (እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል) እና የእግር ጉልበት ይታዩ። ከቆመ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ 30 ሰከንድ። መርማሪው እጁን ዘርግቶ ይጠብቀው እንጂ አይንካው፤ አንዲት ጣት እንኳ አራተኛ ጉልቻ ትሆናለች። መወዛወዝ ብቻውን ፖዘቲቭ አይደለም፣ እግር ማንሳት ወይም መውደቅ ነው። ወለሉ ያዘመመ ክፍል ውስጥ አይሠራ።

ጆሮን ለመፈተሽ ከተፈለገ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ላይ ዓይን አስጨፍኖ ማቆም ይሻላል። ስፖንጁ የእግርን ስሜት ስለሚያደበዝዝ ሸክሙ በአብዛኛው ጆሮ ላይ ይወድቃል። ወለል ላይ ቆሞ ስፖንጅ ላይ የሚወድቅ ሰው ጆሮው ይጠረጠራል፤ አረጋውያን ግን ያለ ጆሮ ሕመምም እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥያቄ ይቅደም፦ ፊትዎን በሳሙና ሲታጠቡ ይንገዳገዳሉ? መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት? «አዎ» ካሉ የእግር ስሜትን ለማየት ቲዩኒንግ ፎርኩ (ሲመታ የሚንዘረው ሹካ መሰል ብረት) የእግራቸው አውራ ጣት ላይ ይቀመጥ፤ 128 ኸርዙ እንጂ ለመስማት ምርመራ የሚያገለግለው 512ቱ አይሆንም።