እግዚአብሔር ደጋግሞ የጎበኛት ዕለት፦ መጋቢት 29

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ «በዛሬዋ ቀን በታሪክ ምን ተፈጸመ?» የሚል ዝግጅት ያልሰማ የለም። አንዱ ንጉሥ ነገሠ፣ አንዱ ጦርነት ተጀመረ፣ አንዱ ሊቅ ተወለደ ይባላል። በመቶ ዓመታት የተራራቁ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ቀናቸው ስለገጠመ ብቻ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። መስማቱ ደስ ይላል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ ግን ወደ ቤት ይዘነው የምንሄደው ነገር የለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም የራሷ «በዛሬዋ ቀን» አላት፤ በየዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳንና በዓላት የሚተርከው ስንክሳር ነው። በየዕለቱ ይገለጣል፣ በየዕለቱ ይነበባል። ከዓመቱ ዕለታት ሁሉ ግን እኔን እንደ መጋቢት 29 የሚያስደንቀኝ የለም። አባቶቻችን በዚህች በአንዲት ቀን አራት ነገር ያስባሉ፦ ዓለም መፈጠር የጀመረበትን፣ ጌታችን በእመቤታችን ማኅፀን የተፀነሰበትን፣ ከሙታን ተለይቶ የተነሣበትንና ገና የምንጠብቀውን ዳግም ምጽአቱን። ሦስቱ ተፈጽመዋል፤ የተፈጸሙትም ሦስቱም በዕለተ እሑድ ነው ብለው ያስተምሩናል። ወር በገባ በ29 በዓለ ወልድ እያልን የምናከብረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያዋ እሑድ እንነሣ። ሊቃውንቱ በዚያች ዕለት የተፈጠሩትን ስምንት ብለው ይቆጥራሉ፤ አራቱ ባሕርያት ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ ከዚያም ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ልብ በሉ፣ መላእክት የተፈጠሩት ከብርሃን በፊት ነው። ዐይናቸውን ሲገልጡ ጨለማ ነው። የፈጠራቸውን ቢፈልጉ አላገኙትም፤ «ማን ፈጠረን?» ተባባሉ። በዚህ መካከል ነው ከመላእክት አንዱ የነበረው፣ በኋላ ዲያብሎስ የሆነው ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» ያለው። ከፊሉ አመነው፣ ከፊሉ ተጠራጠረ፣ ሰማይ ታወከ። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል ተነሥቶ «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለቱ ነው።

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን እንደ ጀግና ፉከራ ነበር የምሰማው። ቆይቼ ሳስበው ገብርኤልም እንደ ሌሎቹ በጨለማ ውስጥ ነበር። መልስ አልነበረውም። «አምላክን አይቼዋለሁ፣ ተከተሉኝ» አላለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ የሚናገረው አምላክ አይደለም። ስለዚህ ከቆመበት አልተነቃነቀም፣ ሌሎችንም አጸና። ከዚያ በኋላ ነው «ለይኩን ብርሃን»፣ ብርሃን ይሁን፣ የተባለው። ብርሃኑ የመጣው ወደ ቆሙት ነው።

አሁን ደግሞ ዘመኑን ሁሉ ተሻግረን ወደ ናዝሬት እንምጣ። ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ዘመን፣ ተፈጽሟል። ቀኑ መጋቢት 29፣ እሑድ። የሚላከው ማን ነው? ያው በመጀመሪያዋ እሑድ «እስክናገኘው እንቁም» ያለው ገብርኤል። በጨለማ ቆሞ የጠበቀው መልአክ፣ የጠበቀው አምላክ ሥጋ ለብሶ ሊመጣ መሆኑን እንዲያበሥር ታዘዘ። የተናገረው ቃል መልሶ በእጁ የገባ ያህል ነው።

እመቤታችን በዚያች ሰዓት ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆን ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር ይላል ትውፊታችን። መልአኩ «ተፈሥሒ»፣ ደስ ይበልሽ፣ አላት፤ እርስዋም ጠይቃ፣ ተረድታ፣ በመጨረሻ «ይኩነኒ በከመ ትቤለኒ» አለች፤ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ። ግእዙን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡት። በመጀመሪያዋ መጋቢት 29 እግዚአብሔር «ለይኩን» አለ፤ ብርሃን ሆነ። በሁለተኛዋ አንዲት ድንግል «ይኩነኒ» አለች፤ የብርሃን ጌታ በማኅፀንዋ አደረ። ዓለምን ሲፈጥር የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ዓለምን ሊያድን ሲመጣ ግን የአንዲትን ብላቴና መልስ ጠበቀ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ብታስቡ አይከፋኝም። እኔ በየዓመቱ እቆማለሁ።

ቀኑ ዝም ብሎ የተገመተ አለመሆኑን ማየት የሚፈልግ ጣቱን አውጥቶ ይቁጠር። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ነው፣ 270 ቀን። አምስቷን ጳጉሜን ጨምሩ፣ 275 ይሆናል፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ጊዜስ? ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን በተከተለው ዘመነ ዮሐንስ ልደትን ታኅሣሥ 28 እናከብራለን። ብዙ ሰው «ዘንድሮ ገና ለምን በ28 ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። በማኅፀን ያደረባቸው ቀናት 275 መሆናቸው እንዳይፋለስ ነው። አባቶቻችን ቆጠራውን ከማዛነፍ ይልቅ የበዓሉን ቀን ማንቀሳቀስ መረጡ።

ሦስተኛዋ መጋቢት 29 ከመድረሷ በፊት መጋቢት 27 አለች፣ ዓርብ፣ ጌታ የተሰቀለባት። በዚያች ቀን የቤተ መቅደስ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። ድንግል መልአኩ ሲመጣ የምትፈትለው ፈትል የዚያ መጋረጃ ነበርና፣ ይህን ሳነብ ልቤ ይሰበራል። ልጇን ስትቀበል የያዘችው ሥራ፣ ልጇ ነፍሱን ሲሰጥ ተተረተረ።

እሑድ በማለዳ፣ ዮሐንስ እንደሚጽፈው ገና ጨለማ ሳለ፣ መግደላዊት ማርያም ወደ መቃብር ሄደች። እንደገና እሑድ፣ እንደገና ጨለማ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ሮጠው መጡ፣ በፍታውን አዩ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወንጌላዊው ቀጥሎ «ማርያም ግን እያለቀሰች ከመቃብሩ በስተ ውጭ ቆማ ነበር» ይላል። ቆማ ነበር! የገብርኤልን ቃል አላወቀችው ይሆናል፣ ግን ፈጸመችው። የሚያስቆማት ምክንያት አልነበረም፤ መቃብሩ ባዶ ነው፣ ሐዋርያቱ ሄደዋል። አምላኳን እስክታገኘው ባለችበት ቆመች። ትንሣኤውን ከሐዋርያት አስቀድሞ ለማየት የበቃችውም እርስዋ ናት። ደግሞ አትክልት ጠባቂ መስሏት ነበር። በመጀመሪያው ገነት የተተከለውን አትክልት እንዲጠብቅ የታዘዘው አዳም ነበር፤ በዚያ ጠዋት ከአትክልቱ መካከል በስሟ የጠራት ሁለተኛው አዳም ነው። ተሳስታ እንኳ አልተሳሳተችም።

ስለ አራተኛው በአጭሩ ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። አባቶች ዳግም ምጽአት መጋቢት 29 እሑድ ይሆናል ሲሉ ዓመት አልሰጡንም። ጌታ ራሱ ያችን ቀንና ያችን ሰዓት ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም ብሏል። እንግዲህ ዓመተ ምሕረት እየደመሩና እየቀነሱ «በዚህ ዓመት ይመጣል» የሚሉትን አትስሟቸው። ሳጥናኤልም ጨለማ ውስጥ ላሉት ፈጣን መልስ ነበር የሰጣቸው።

አንድ ሰው «ታዲያ መጋቢት 29 ከሌሎቹ ቀናት የተለየ ኃይል አላት ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ የለም እላለሁ። ቀን በራሱ ምንም አያደርግም። «ቀን ጣለኝ»፣ «ቀን ከዳኝ» እንላለን፤ ቀን ግን ማንንም አልጣለም። ቅዱስ ጳውሎስ የገላትያ ሰዎችን ቀንና ወር በመጠበቃቸው የገሠጻቸው፣ ቀኑን ይዘው የቀኑን ጌታ ስለ ተዉ ነው። ሙሴ ግን ሲጽፍ፣ እስራኤል ከግብፅ የወጡት 430 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ «በዚያው ቀን» ነው ይላል። አንድም ቀን አልዘገየም። እግዚአብሔር ቀን ይቆጥራል። ባሪያዎቹ ቆጠራውን ረስተው ይሆናል፤ እርሱ አልረሳም።

ክፉ ነገር የተደራረበበት ቀንም አለ። አይሁድ በአምስተኛው ወራቸው በ9ኛው ቀን ይጾማሉ። በትውፊታቸው መሠረት ሰሎሞን የሠራው ቤተ መቅደስ በባቢሎናውያን እጅ የፈረሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት፣ በዚያች ቀን ነው። ሁለተኛውን ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ያቃጠሉትም በዚያችው ቀን ነው ይላሉ። ከእኛም መካከል እንዲህ ያለ ቀን ያለው ሰው አለ። እናቱን የቀበረበት ወር ሲገባ የሚከብደው፣ ያ ቀን ሲደርስ ከቤት የማይወጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘካርያስ የሚነግረው አለ፤ የአምስተኛው ወር ጾም ለይሁዳ ቤት ደስታና ተድላ ይሆናል ብሎ ተንብዮአል። ቀኑ ይሰረዛል አላለም፤ ያው ቀን ይለወጣል አለ።

መጋቢት 29 አብዛኛውን ጊዜ የምትውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሆነ ብዙ ምእመን ሳያስተውላት ታልፋለች። በዚህም ምክንያት ብሥራትን በሙሉ ደስታ የምናከብረው ታኅሣሥ 22 ነው፤ ይህን የሠራው የጥልጥልያው ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስ መሆኑን በተኣምረ ማርያም ሰምተናል። ጥልጥልያ የስፔኗ ቶሌዶ ናት። እዚያው ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ656 ዓ.ም. የተሰበሰበ ጉባኤ የብሥራትን በዓል ከጾም አውጥቶ በዲሴምበር 18 እንዲከበር ወስኖ ነበር፤ በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 22 ነው። የስቅለቱ መጋቢት 27ም በተመሳሳይ ምክንያት ጥቅምት 27 ይከበራል። በዓሉ ቢዛወርም ጥንቱ ግን በቦታው አለ።

የምናከብረው ፋሲካ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን በሚሰላበት በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ይወርዳል ይወጣል። ጌታ መጀመሪያ ከተነሣበት ቀን፣ ከጥንተ ትንሣኤው ከመጋቢት 29 ጋር የሚገናኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ1904 ዓ.ም. ተገናኙ። ከዚያ 79 ዓመት ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ተገናኙ። በዚያ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ቅዳሴ ውስጥ የነበራችሁ፣ ብሥራቱንና ትንሣኤውን በአንድ ጠዋት አክብራችኋል፤ ምናልባት ያን ጊዜ አላወቃችሁት ይሆናል።

ቀጣዩ በ2067 ዓ.ም. ነው። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችን በዚያ ሌሊት በሥጋ አንገኝም። ዛሬ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሕፃናት ግን ሽበት አውጥተው ጧፍ ይዘው ይቆማሉ፤ እርሱ ከዚያ አስቀድሞ ካልመጣ።