የሰው አንጎል ሴሎችን በቤተ ሙከራ ማሳደግና ማቆየት፦ በሐረርና በድሬዳዋ ከፍታ

የሰውን የነርቭ ሴሎችና ደጋፊዎቻቸውን ከሰውነት ውጭ ማሳደግ ለበሽታ ጥናትና ለመድኃኒት ሙከራ ይውላል። ሴሎቹ በፍላስክ (በጠፍጣፋ የማሳደጊያ ጠርሙስ) ውስጥ፣ ሚዲያ በሚባለው የምግብ ፈሳሽ ተሸፍነው፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይኖራሉ። በመመሪያዎች ላይ የሚገኙት የጋዝና የግፊት ቁጥሮች ግን ለባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው፤ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ሐረርና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ድሬዳዋ ሳይታረሙ አይሠሩም።

የሙያው መነሻ ሮስ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1907 የእንቁራሪት ሽል ነርቭ በፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ሲያድግ ያሳየበት ሥራ ነው። ከ2007 ወዲህ የሰው ቆዳ ሴል ወደ ግንደ ሴል (ሌሎች የሴል ዓይነቶችን ሊሆን ወደሚችል ሴል) ተመልሶ የነርቭ ሴል ሊሆን ችሏል፤ በ2013 ደግሞ ከግንደ ሴል የሚያድግ ትንሽ የአንጎል አምሳያ ቀርቧል።

ለጀማሪ ቤተ ሙከራ የሚመቸው ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የሚባለው የሴል ዝርያ ነው። ምንጩ በ1970 ከአንዲት የ4 ዓመት ሕፃን መቅኔ የተወሰደ የነርቭ ካንሰር ስለሆነ፣ በጥብቅ ከተነጋገርን የአንጎል ሴል አይደለም። የነርቭ መልክ እንዲይዝ በሚዲያው ውስጥ ያለው ሴረም (ከእንስሳ ደም የሚገኝ ፈሳሽ) ይቀነስና 10 ማይክሮሞላር ሬቲኖይክ አሲድ (የቫይታሚን ኤ ተዋጽኦ) ለ5 እስከ 7 ቀን ይሰጠዋል። አሲዱን ብርሃን ስለሚያበላሸው ጠርሙሱ በፎይል ይጠቀለላል። የአንጎል ዕጢ ሴል ተብሎ በሰፊው የተሰራጨው ዩ-87 ደግሞ ከመነሻው ታካሚ ቲሹ ጋር እንደማይዛመድ በ2016 በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ የመጣ ሴል ሁሉ ማንነቱ ሳይመረመር ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

የሚዲያውን አሲድነት የሚወስነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቶኛ ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው። የሐረር የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ፣ 5 በመቶ ላይ የተስተካከለ ኢንኩቤተር (የሴሎቹን ሙቀትና ጋዝ የሚጠብቅ ሳጥን) እዚያ የሚሰጠው የ4 በመቶን ያህል ነው። ፒኤች (አሲድነት ሲቀንስ ከፍ የሚለው መለኪያ) በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል፤ ፌኖል ሬድ የተባለ አሲድነት ጠቋሚ ቀለም ያለበት ሚዲያም ከቀይ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ይህን ያላወቀ ሰው ጥፋቱን በሴረሙ ላይ ያላክካል። ማስተካከያው ለሐረር 6.3፣ ለድሬዳዋ 5.8 በመቶ ገደማ ነው። መሣሪያው ግፊቱን ራሱ የሚያርም ከሆነ ግን ድጋሚ ማረም ያሳስታል። በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው፦ 121 ዲግሪ ለመድረስ የተለመደው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አይበቃም፤ ድሬዳዋ ላይ 17፣ ሐረር ላይ 18 ያህል ይፈልጋል።

የድሬዳዋ ችግር ሙቀቱም ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ኢንኩቤተር በ37 ዲግሪ እንዲረጋ ክፍሉ ቢያንስ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ክፍሉ 34 ከደረሰ ሴሎቹ ከልክ በላይ ይሞቃሉ።

ሴልን አቀዝቅዞ ማቆየት የተጀመረው በእንስሳት እርባታ ነው፤ በ1949 ግሊሰሮል የዶሮ ዘር ፈሳሽን ከበረዶ ጉዳት እንደሚጠብቅ ታወቀ፣ በ1959 ዲኤምኤስኦ የተባለው ሌላ ከበረዶ ጠባቂ ፈሳሽ ተከተለ። ምሥራቁ በዚህ ባዶ እጁን አይደለም። የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች ፈሳሽ ናይትሮጅን መያዝ ያውቃሉ፤ ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተነሣው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ግብርናውን እዚያው፣ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁን ሐረር ላይ ይዟል።

የበሰለ የነርቭ ሴል ከቅዝቃዜ በደህና ስለማይነቃ የሚቀመጠው ገና የሚከፋፈለው ነው። የፍላስኩ ወለል 70 እስከ 80 በመቶ በሴል ሲሸፈን ሴሎቹ ይነሡና በሚሊሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ሆነው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ይጨመርባቸዋል። ዲኤምኤስኦ በክፍል ሙቀት ሴል ስለሚመርዝ ከዚያ በኋላ መዘግየት አይገባም። ሴሎቹ የተሞሉባቸው ትንንሽ ቱቦዎች አይሶፕሮፓኖል (የአልኮል ዓይነት) ባለበት ዕቃ ውስጥ፣ በ-80 ፍሪዘር፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀዘቀዙ ያድራሉ። ቅዝቃዜው ከፈጠነ በሴሉ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ከዘገየ ሴሉ ውሃው ወጥቶ ይጨማደዳል። በማግሥቱ ወደ -196 ናይትሮጅን ይዛወራሉ፤ በ-80 ለወራት የተተወ ቱቦ ሲቀልጥ አብዛኛው ሴል ሞቶ ሊገኝ ይችላል።

ሲቀልጥ ግን መፍጠን ነው። ቱቦው በ37 ዲግሪ ውሃ ተይዞ፣ የምስር ፍሬ የምታህል በረዶ ስትቀር ይወጣል። ከዚያ ሴሎቹ ወደ ትልቅ ቱቦ ይዛወሩና 10 ሚሊሊትር የሞቀ ሚዲያ በጠብታ በጠብታ ይጨመርባቸዋል፤ በአንዴ ቢፈስ ሴሉ ውሃ ስቦ ይፈነዳል።

መብራት ሲሄድ ኢንኩቤተሩ አይከፈትም። የናይትሮጅን ጋኑ መብራት አይፈልግም፣ ነገር ግን በየሳምንቱ ይለካል፦ ደረቅ የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ይገባና ወጥቶ ሲወዘወዝ ውርጭ የያዘው ክፍል የፈሳሹን ከፍታ ያሳያል። በዘንጉ ፈንታ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ግን አይገባም፤ ናይትሮጅኑ በቀዳዳው ተፈናጥሮ እጅና ፊት ያቃጥላል።