«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» — የአባባሉ ፍቺ፣ መነሻውና ስለ ፅንስ ማቋረጥ በሚነሣ የአሜሪካ ምርጫ ክርክር ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚለውን አባባል በሰሜን ሸዋ ከመንዝ እስከ ቡልጋ፣ ከአንኮበር እስከ መርሐቤቴ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። አባባሉ ሴቲቱ አንድ ምን እንዳላት አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም፤ ሰሚው ሁሉ ልጅ ማለት እንደሆነ ይገባዋልና። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ሌሊቱን በሰላም አትተኛም፤ ቢያስለው ትነሣለች፣ ከብት ጥበቃ ውሎ ቢዘገይ ከደጅ ትቆማለች፣ በክረምት ወንዝ ሊሻገር ነው ከተባለ ምግብ ከጉሮሮዋ አይወርድም። ከልጅም አልፎ አንድ በሬ ላለው ገበሬ፣ አንድ ጥማድ መሬት ለቀረው ሽማግሌ፣ ባጠቃላይ ቢጠፋበት ምትክ የሌለውን ነገር ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይነገራል።

ፍቺው ይህን ያህል ቀላል ነው። ክብደቱ ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። በአንድ የሐምሌ ማለዳ በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አንዲት እናት ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ልጇን ስትሸኝ አይቻለሁ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር፤ እናትዮዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የአውቶቡሱን መስኮት በአንድ እጇ ይዛ፣ «ጣፎ ስትደርሺ ደውይ፣ ከዚያ ደግሞ ከቤት ስትገቢ ደውይ» እያለች ደጋግማ ታዝዛታለች። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ አብረዋት ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ፣ «ልጅቷ እኮ ትልቅ ሰው ናት፣ ምን እንዲህ ያስጨንቃታል?» ብትል፣ ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተይ እንጂ እቴ፣ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ብላ ዝም አሰኘቻት። ልብ በሉ፤ አባባሉ የተነገረው ለእናትዮዋ አይደለም፤ ስለ እርሷ፣ እርሷን ከወቀሳ ለመከላከል ነው። አትተኚ የሚል ምክር የለበትም፤ እንቅልፍ ማጣትንም አያወድስም። ለምን እንደማትተኛ ያስረዳል፣ የሚፈርድባትንም ሰው ያስታግሣል።

በዚህ ረገድ የቅርብ ዘመዱ ከሆነው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ከሚለው አባባል ይለያል። ያኛው ተግሣጽ ነው፤ ለባለቤቱ በቀጥታ የሚነገር፣ ጥንቃቄን የሚያዝ። ይኸኛው ግን ርኅራኄ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ መጠቀም በተለይ በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ብዙ ያሳስታል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አባባሉ የወጣው ልጅ ከሚሞትበት ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው። ክትባትና ጤና ኬላ በማይታወቅበት በቀደመው ዘመን በመንዝ ደጋ ላይ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። እንደ ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ ያሉት ስሞች ይመሰክራሉ፤ ከሞተ ልጅ በኋላ ለተወለደ ልጅ ይወጡ የነበሩ ስሞች ናቸውና። ስለዚህ በእኔ ግንዛቤ «አንድ ያላት» ማለት በዋነኛነት አንድ የወለደች ማለት አይደለም፤ ብዙ ወልዳ አንድ የቀረላት ማለት ነው። ይህ ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 መውረዱ እናቶችን እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር ምን እንደሆነ ያመለክታል፤ እንቅልፍ የመጣው እናት ጭንቀቷን እንድትተው በመመከር ሳይሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባቱን ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ በመሄዳቸው፣ ልጆችም በሕይወት በመቆየታቸው ነው።

ይህን አባባል ለማብራራት የተነሣሁት ከአካባቢያችን ወጥተው በአሜሪካ የሚኖሩ ወጣቶች የዚያን ሀገር ምርጫ አስመልክተው ሲከራከሩ ደጋግመው ስለሚጠቅሱት ነው። ክርክራቸው ፅንስ ማቋረጥን ብቻ መመዘኛ አድርጋ ድምፅ የምትሰጥ ሴት ትክክለኛ ፌሚኒስት (የሴቶች እኩልነት ተሟጋች) ናት ወይስ ፌሚኒዝምን አጥብባዋለች የሚል ነው። አንዱ ወገን «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ብሎ ይሟገትላታል፤ ሌላው ወገን ኑሮ፣ ደመወዝ፣ የልጆች ትምህርትና ሰላም እያለ በአንድ ጉዳይ መታወር ነው ይላል። እኔ አባባሉ በትክክል ከተፈታ ለሁለቱም የሚለው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ በዚያ ሀገር እንዴት የድምፅ መስጫ ጉዳይ እንደሆነ መረዳት ይገባል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 በሮ እና ዌድ መዝገብ ፅንስ የማቋረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ብሎ በሰባት ለሁለት ድምፅ ወሰነ። የፍርድ ቤቱን ዳኞች የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ፣ የሚያጸድቀው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔቱ) ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ለፕሬዚዳንትም ሆነ ለሴናተር የሚሰጥ ድምፅ በተዘዋዋሪ ለዳኞች የሚሰጥ ድምፅ ሆነ። ሁለት ታላላቅ ፓርቲዎች ብቻ በሚፈራረቁበት ሀገር መራጯ ይህን ሐሳብ ከአንዱ፣ ያንን ከሌላው ቆርጣ መውሰድ አትችልም፤ ፓርቲውን ከነሙሉ ሸክሙ ትቀበላለች ወይም ትተዋለች። ስለሆነም በአንድ ጉዳይ ብቻ መምረጥ የሴቶች የአስተሳሰብ ጥበት ውጤት ነው የሚለው ወቀሳ የምርጫውን አሠራር የዘነጋ ነው።

የፌሚኒዝሙ ታሪክ ደግሞ ከአባባሉ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይቀራረባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች ድርጅት በ1966 (ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተቋቁሞ በ1967 ጉባኤው የመብት ዝርዝር ሲያጸድቅ ጥያቄዎቹ ስምንት ነበሩ፦ በሕገ መንግሥት የሚጸና እኩልነት፣ በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይኖር፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ለሠራተኛ ወላጆች የግብር ቅነሳ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ እኩል ትምህርት፣ ለድሃ ሴቶች የሥራ ሥልጠና፣ በመጨረሻም ሴት የመውለድና ያለመውለድ ጉዳይዋን ራሷ እንድትወስን። ፅንስ ማቋረጥ ከስምንቱ በአንዱ ውስጥ ነበረ። ያኔም ቢሆን አጨቃጫቂ ስለነበረ በ1968 የተወሰኑ አባላት በሥራና በትምህርት እኩልነት ላይ ብቻ የሚያተኩር ሌላ ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በኋላ የትምህርቱና የሥራው ጥያቄ ሕግ ሲያገኝ ሌሎቹ ተሰናከሉ። በመላ ሀገሪቱ የሕፃናት ማቆያ ሊያቋቁም የነበረውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 ሳያጸድቁት ቀሩ፤ እኩልነትን በሕገ መንግሥት የሚያጸናው ማሻሻያ እስከ 1982 ከሚያስፈልገው 38 ክፍለ ግዛት 35ቱን ብቻ አግኝቶ የጊዜ ገደቡ አለፈበት፤ የ1993ቱ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግም የፈቀደው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው። ስምንት ጥያቄ ይዛ የተነሣችው ሴት በፍርድ ቤት ውሳኔ የጸናውን አንዱን ይዛ ማደር የጀመረችው እንዲህ ነው። የሚወቅሳት ሰው የቀሩት ለምን እንደቀሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ አባባሉ ለዚህ ወገን የሚሰጠው ከለላ ገደብ አለው። በ1976 የወጣው የሃይድ ማሻሻያ የፌዴራል መንግሥት የጤና ድጋፍ ገንዘብ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ለፅንስ ማቋረጥ እንዳይውል ስለከለከለ፣ መብቱ በወረቀት ላይ እያለ ገንዘብ የሌላት ሴት አልደረሳትም። በ1994 በቺካጎ የተሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች ይህን ተመልክተው የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ የሚል አዲስ መርሕ አወጡ፤ ያለመውለድ መብት፣ የመውለድ መብት፣ የወለዱትንም ልጅ ደኅንነቱ በተጠበቀ አካባቢ የማሳደግ መብት አይነጣጠሉም የሚል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ የእነዚህ ሴቶች አስተሳሰብ ነው፤ ለአንዱ ብላ እንቅልፍ ያጣችውን እናት አልወቀሱም፣ ነገር ግን አንድ ብቻ ይዛ መቅረቷን እንደ ዕጣ ፈንታ አልተቀበሉላትም። እንቅልፍ ማጣቷን የፌሚኒዝም መለኪያ ማድረግ ግን ከላይ ያልኩትን ርኅራኄ ወደ ተግሣጽ መለወጥ ነው፤ ለሌሎች ሴቶች «አትተኙ» ብሎ እንደማዘዝ ያለ ነገር ነው። ከዚያም የባሰው፣ አንዲት መራጭ በዚህ አንድ ጉዳይ ምክንያት ከእጁ እንደማትወጣ ያወቀ ፓርቲ ስለ ወሊድ ፈቃድና ስለ ሕፃናት ማቆያ የሚያስጨንቀው ነገር አይኖርም።

ፅንስ ማቋረጥን በመቃወም ብቻ ድምፅ የሚሰጡትም ይህን አባባል በሙሉ ልብ ሊናገሩት እንደሚችሉ መካድ አይገባም። ለእነርሱ እንቅልፍ የሚነሣው «አንዱ» ማኅፀን ውስጥ ያለው ነው፤ በእኛም አገር ቤተ ክርስቲያን ፅንስ ማቋረጥ ኃጢአት መሆኑን ስለምታስተምር ይህ ስሜት ለመንዝና ለተጉለት ሰው እንግዳ አይደለም። ከ1972 ጀምሮ ራሳቸውን ፌሚኒስት ብለው ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ሴቶች ማኅበር በአሜሪካ አለ፤ ሴት ፅንሷን እንድታቋርጥ የሚያስገድዳት ድህነትና የአሠሪ ጭካኔ ነው ሲሉ ይሟገታሉ። እነዚህንም ከፌሚኒዝም ውጪ ናችሁ ለማለት እቸገራለሁ፤ የምጠይቃቸው ግን ያንኑ ጥያቄ ነው፦ ድምፃችሁን በአንድ ጉዳይ ብቻ ስትሰጡ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ እናቲቱ ምን ይኖራታል?

የሀገራችን ሕግ አመጣጥ ከዚህ ይለያል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ከባድ አደጋ ላይ ያለችን እናት ለማዳን ካልሆነ በቀር ይከለክል ነበር፤ ያው ሕግ ጠልፎ ያገባን ሰው ጋብቻው ከጸና ከክስ ነጻ ያደርገው ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ለተፀነሰ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እናቲቱም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ማቋረጡን አያስቀጣም ሲል፣ በዚያው ሰነድ ጠለፋን ያለ ማምለጫ ወንጀል አደረገ፣ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ቀጣ። ከአምስት ዓመት በፊት የወጣው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎ ነበር። እዚህ ጉዳዩ ከሌሎቹ የሴቶች ጥያቄዎች ጋር ስለመጣ ለአንድ ዕጩ ድምፅ መስጫ ሆኖ አልተነጠለም፤ በገጠር ያለች ልጅ ግን ከሕጉ ይልቅ የጤና ጣቢያው ርቀት ይወስንባታል።

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2022 የ1973ቱን ውሳኔ ሲሽር ሚዙሪ በዚያው ዕለት ክልከላውን በሥራ ላይ አዋለች። በኖቬምበር 2024 ግን የሚዙሪ መራጮች ከ51 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ መብቱን በክፍለ ግዛታቸው ሕገ መንግሥት ውስጥ መለሱት፤ በዚያው ቀን ዶናልድ ትራምፕ እዚያው ከ58 በመቶ በላይ አገኙ። ጥያቄው ለብቻው ሲቀርብላቸው ብዙዎች ዕጩውን በሌላ መመዘኛ መርጠዋል ማለት ነው፤ በአንድ ጉዳይ መምረጥ የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የምርጫው አሠራር የሚወልደው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት፣ ያው ሕዝብ የመረጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ይህንኑ መብት የሚሽር ጥያቄ እንደገና ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ወሰነ።