የአራስ ሕፃን እንቅልፍ፦ ከአራስ ቤት እስከ አራተኛው ወር

አራስ ሕፃን ሲወለድ ቀንና ሌሊትን አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ይህን ቁጥር ለአንዲት አራስ ብንነግራት ለማመን ይቸግራታል፤ እርሷ የምታየው ሌሊቱን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ የሚነቃ ልጅ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እንቅልፉ ብዙ ቢሆንም የተቆራረጠ ነው፤ የሚቆራርጠውም በቂ ምክንያት አለው። የሕፃኑ ሆድ ትንሽ ነው፤ የእናት ጡት ወተትም ቶሎ ይፈጫል። ስለዚህ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ሌሊት ሲጠባ ደግሞ የእናቱ ሰውነት ወተት እንዲያመርት ይቀሰቀሳል። እንግዲህ ሌሊት የሚነቃ አራስ አመል የወጣበት ልጅ አይደለም፤ እናቱም ያጠፋችው ነገር የለም።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ተኝቶ ፈገግ ሲል «መላእክት እያጫወቱት ነው» ይባላል። ያ ፈገግታ የሚታየው ንቁ እንቅልፍ በሚባለው ደረጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪ እና ናትናኤል ክሌይትማን ይህንኑ፣ ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ደረጃ ለዓለም አስታወቁ፤ አሴሪንስኪ ወደዚህ ግኝት የሚያደርሰውን መንገድ የጀመረው የተኙ ሕፃናትን ዓይን በትዕግሥት በመመልከት ነበር። አዋቂ ሰው ከእንቅልፉ ሩቡን ያህል ብቻ በዚህ ደረጃ ያሳልፋል፤ አራስ ግን ግማሹን ያህል። በዚህ ጊዜ ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ አንዳንዴም ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። አንዱ የእንቅልፍ ዙር አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይታያል። ብዙ እናቶች ድምፁን እንደ ሰሙ ብድግ አድርገው ያቅፉታል፤ እንዲህ ሲያደርጉ ተኝቶ የነበረውን ልጅ ይቀሰቅሱታል። ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ማየት ይጠቅማል። ከንፈሩን ከመጠመጠ፣ እጁን ወደ አፉ ከወሰደ፣ ጭንቅላቱን አዙሮ ጡት ከፈለገ ግን በእርግጥ ርቦታልና እስኪያለቅስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀንና ሌሊትን መለየት የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። ሜላቶኒን የተባለውን፣ ለሰውነት የሌሊቱን መምጣት የሚያበስር ንጥረ ነገር ሕፃኑ በራሱ ጊዜ ጠብቆ ማመንጨት እስኪችል ድረስ በሌሊት ከሚጠባው የእናቱ ወተት ያገኛል። በዚህ ረገድ የአራስ ቤት ልማድ መታየት አለበት። ምች እንዳይመታቸው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ተብሎ እናትና ልጅ መጋረጃ በወረደበት፣ በጨለመ ክፍል ለሳምንታት ይቆያሉ። ለአራሷ ዕረፍት ታስቦ የተሠራ ሥርዓት መሆኑን አከብራለሁ፤ ጨለማው ግን ለሕፃኑ አይበጅም። ቀን መስኮቱ ተከፍቶ ብርሃን ቢገባ፣ ሰው ቢጫወት፣ የቤቱ ድምፅ ቢሰማ፤ ሌሊት ደግሞ ሲጠባ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ወሬ ቢቀንስ ሕፃኑ ልዩነቱን ቶሎ ይማራል።

ለማስተኛት ከሚደረገው ሁሉ አንቀልባና እሹሩሩ የሚስተካከላቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞንትሪያል፣ ካናዳ በወጣ ጥናት በቀን ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት የታቀፉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንታቸው ካልታቀፉት በ43 በመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። በጃፓን የሪከን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ የሚያለቅስን ሕፃን አቅፎ ለ5 ደቂቃ ሳያቋርጡ መራመድ፣ ከተኛ በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዞ መቀመጥ፣ ከዚያም ማስተኛት የተሻለ እንደሚሠራ አሳይተዋል። አያቶቻችን በሰዓት ባይለኩትም ልጅ አዝለው ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። የሚዘነጋው ሁለተኛው ክፍል ነው፦ ዓይኑ እንደ ተከደነ ወዲያው ሲያስተኙት ብርግግ ብሎ ይነቃል። አንገቱ ያልጠናን አራስ ከጀርባ ይልቅ ፊቱ እየታየ በደረት ላይ መያዝ ይሻላል፤ አገጩ ከደረቱ ጋር ተጣብቆ አየር እንዳያጥረውም ይጠበቃል። የድካሙን ምልክት ማወቅም ግማሽ ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነቅቶ የሚቆየው አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ ሲያዛጋ፣ ፊቱን ከሰው ሲያዞር፣ ዓይኑ ሲፈዝ ጊዜው ደርሷል። ካለፈ በኋላ ማስተኛት ይከብዳል።

ለቅሶ የሚበረታው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ የ45 ቀን ክትባት በሚደርስበት ሰሞን ነው። ምሽት ላይ ያለ ምክንያት ለሰዓታት የሚያለቅስ ጤነኛ ልጅ ብዙ ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላው ይቀንሳል። ምክር የሚዥጎደጎደው በዚህ ጊዜ ነው፦ የአብሽ ውሃ፣ ስኳር ውሃ፣ ቅቤ፣ እንዲጠግብና እንዲተኛ ቀጠን ያለ አጥሚት። ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሆዱን በሌላ ነገር መሙላት ተቅማጥና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ እንቅልፍ አይሰጥም። ለቅሶው ከአቅም በላይ ሲሆን ሕፃኑን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት ነውር አይደለም። በንዴት መነቅነቅ ግን አንጎሉን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል።

ስለ አተኛኘት የሚሰጠውን ምክር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ጤነኛ የነበረ ሕፃን በእንቅልፉ ሳለ ሳይታሰብ የሚሞትበት አጋጣሚ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ይበዛል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ ሞቱ በእጅጉ ቀንሷል። «በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ትን ይለዋል» የሚለው ፍርሃት በእኛ ቤት ሥር የሰደደ ነው፤ ከአዲስ አበባ ልጅ ለማረስ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችም ከሆስፒታል ነርሶች ጋር የሚለያዩበት አንዱ ነጥብ ይኸው ነው። ነገር ግን ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ያስመለሰው ወተት ወደ ሳንባው የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን፣ ትራስ ማንተራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መደራረብ አየር ያሳጣዋል፤ ከልክ በላይም ያሞቀዋል። የደጋ ሌሊት ብርድ የታወቀ ነው፤ መፍትሔው ግን ልብስ ማልበስ እንጂ መሸፋፈን አይደለም። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አያስደነግጥም፤ ሙቀቱ የሚለካው ከማጅራቱ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው። ቆላ ላይ አጎበር ሲዘረጋ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ዙሪያው በፍራሹ ሥር ተወጥሮ ይታጠፋል። በአንድ አልጋ መተኛትን በተመለከተ የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ክፍሉ አንድ፣ መኝታው ግን የተለየ እንዲሆን ነው። ብዙ ቤት ይህን ማድረግ አይችልም። በአንድ አልጋ መተኛት ግድ ከሆነም ፍራሹ ጠንካራ ይሁን፣ ሕፃኑ በእናቱ በኩል እንጂ በሁለት ሰው መካከል ወይም ከታላላቆቹ ጋር አይተኛ፤ መጠጥ የቀመሰ ወይም የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ላነሰ ሕፃን አብሮ መተኛት የባሰ አደጋ አለው። ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ከሁሉ የከፋ ነው።

ከአራስ ቤት ልማድ ፈጽሞ መተው የሌለበት የሰው እጅ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናት፣ እኅት፣ ጎረቤት እየተፈራረቁ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ሕፃኑን ይይዛሉ። በዚህ መካከል አራሷ ትተኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ከ100 ሴቶች ወደ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋናነትም ድባቴ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል፤ የእንቅልፍ እጦትም ያባብሰዋል። ልጇ ተኝቶ እርሷ መተኛት ያልቻለች፣ ለቀናት የምታለቅስ እናት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።

በተቃራኒው ዝም ብሎ የሚተኛ ሕፃን ሁልጊዜ የተባረከ ጭምት አይደለም። ለመጥባት መቀስቀስ የሚያስቸግር፣ የሚዝለፈለፍ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ቆዳው ቢጫ የሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ አራስ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

በአራተኛው ወር እንቅልፉ ወደ አዋቂ ሰው እንቅልፍ እየቀረበ ስለሚሄድ፣ ረዘም አድርጎ መተኛት የጀመረ ልጅ በድንገት መልሶ መንቃት ይጀምራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው የ90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ የሚያልቀውም ይህ ለውጥ ሊመጣ በተቃረበበት ሰሞን ነው፤ እናት ሌሊቱን እየነቃች ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ሕፃኑ ለሞግዚት ይተዋል። በጀርባው መተኛት የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ቢያስተኙት አደጋው ሁልጊዜ በሆዱ ከሚተኛው እንኳ ይበልጣል። ስለዚህ ሞግዚቷ በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ጡጦውና ስለ ልብሱ ከሚነገራት በፊት፣ ልጁ የሚተኛበትን ቦታና አተኛኘቱን በዓይኗ እንድታይ ይደረግ።